ቀለህና ሚዛን
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)

የጦር መሣሪያ ታሪክ በተነሣ ጊዜ ሁሉ ስሙ የሚጠራው ጠመንጃው ነው። ሰናድሩም፥ ውጅግራውም፥ ምንሽሩም፥ መውዜሩም በፉከራው ሜዳ በየተራቸው ተወድሰዋል። ጥይት ግን ተተኵሶ የሚጠፋ ነገር ስለ ሆነ ወዳሽም ታሪክ ጸሓፊም ብዙ አላገኘም። ነገር ግን ጠመንጃ ያለ ጥይት ከዱላ አይሻልም፤ ጥሩ ጠመንጃም መጥፎ ጥይት ከጐረሰ የጌታውን ዐይንና ልብ ከንቱ ያደርጋል። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን የተረሳውን ጥይት፥ ይልቁንም ቀለሁ ከተለቀመ በኋላ በሰው እጅ እንደገና የተሞላውን ጥይት እናነሣለን። ይህ ጥይት በአገራችን ምን ታሪክ እንዳለው፥ ዒላማውን ለመምታት ወይም ለመሳት ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ፥ ከዚህም የምናገኘው ትምህርት ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንመለከታለን።

አስቀድሞ ጥይት ምን ምን እንደ ሆነ እናስታውስ። አንድ ጥይት አራት ነገሮች ተባብረው የሚሠሩበት ዕቃ ነው። አንደኛው ከናስ የተሠራው ቀለህ ነው፤ ሁለተኛው በቀለሁ ቂጥ ተተክሎ ሲመታ እሳት የሚሰጠው ካፕሱል ነው፤ ሦስተኛው ነድዶ ወደ ጋዝ የሚለወጠው ባሩድ ነው፤ አራተኛው በጋዙ ግፊት የሚወረወረው ዐረር ነው። ሲተኰስ ሦስቱ ያልቃሉ፤ ቀለሁ ብቻ ይቀራል። ቀለሁን የጣለ ሰው ከጥይቱ ብዙ ድካምና ዋጋ የወጣበትን ክፍል ጣለ ማለት ነው። የቀደሙት ሰዎች ይህን ዐውቀው ይለቅሙት ነበር።

እንዲህ ያለ በናስ ቀለህ የታሸገና ከበስተኋላ የሚጐርስ ጥይት በአገራችን ምድር ኀይሉን በታላቅ ጦርነት ያሳየው በመቅደላ ዘመቻ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት በአሮጌ ሜዳ የዐፄ ቴዎድሮስ ጭፍሮች ከእንግሊዝ ጦር ጋር በተጋጠሙ ጊዜ፥ የእኛዎቹ ባሩድና ዐረሩን ከአፈሙዙ ሞልተው በዘንግ እየጠቀጠቁ ሲተኵሱ፥ እንግሊዞች ግን ሰናድር ብለን የጠራነውን አዲሱን ጠመንጃ ይዘው ነበር። ከፊት የሚሞላው ጠመንጃ በአንድ ደቂቃ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሲተኵስ፥ ሰናድር ወደ ዐሥር ጊዜ ይተኵሳል። በዚያ ከሰዓት በኋላ ከኢትዮጵያውያን ወገን ሰባት መቶ ያህል ሰው ወደቀ። ከሌላው ወገን ግን በጣት የሚቈጠር ሰው ብቻ ነው የሞተው። ጀግንነት ያልጐደለው ሠራዊት በመሣሪያ መበላለጥ ምክንያት እንዴት እንደሚጠፋ ያ ቀን በግልጽ አሳይቷል።

ከዚህ በኋላ የደረሰው ነገር ዋግን በቀጥታ ይነካል። ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዋግሹም ጎበዜ፥ የሰቆጣና የላስታ ጌታ፥ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ሠራዊታቸው እጅግ ብዙ ነበር። በትግራይ የነበሩት ደጃዝማች ካሳ ምርጫ ግን ለእንግሊዝ ጦር መንገድ ስለ ሰጡ፥ ያ ጦር ሲመለስ መድፍና ጠመንጃ ከነባሩዱ ትቶላቸው ነበር፤ ወታደሮቻቸውንም ኪርካም የሚባል እንግሊዛዊ የተኵስ ሥርዐት አስተማረላቸው። በሐምሌ ወር 1863 ዓመተ ምሕረት ሁለቱ ወገኖች በአድዋ አጠገብ በአሳም ወንዝ ሲጋጠሙ፥ በቍጥር የበለጠው የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ሠራዊት በቍጥር በሚያንሰው ግን በመሣሪያና በትምህርት በሚበልጠው ተሸነፈ። ድል ያደረጉት ደጃዝማች ካሳ በ1864 ዓመተ ምሕረት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ዘውድ ጫኑ። የዋግ ሰው ከዚህ የተማረው ትምህርት መራራ ነበር፤ ይኸውም የጦር ውሎ በሰው ብዛት ብቻ እንደማይለካ ነው።

ዐፄ ዮሐንስም በ1868 ዓመተ ምሕረት በጉንደትና በጉራ የግብፅን ጦር ድል አድርገው እጅግ ብዙ ረሚንግቶን ጠመንጃ ማረኩ። ከዚያም በኋላ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ፈረንሳዊው የግራ ጠመንጃ በብዛት ገባ። ፈረንሳዮች ጠመንጃውን በሠሪው ስም ሲጠሩት የሰማው ያገራችን ሰው ቃሉን በራሱ አንደበት ለውጦ ውጅግራ አለው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓመተ ምሕረት በአድዋ ከተሰለፈው መቶ ሺህ ያህል ሰው በብዙው እጅ የነበረው ውጅግራና ረሚንግቶን ነው። ዋግሹም ጓንጉልም የዋግንና የላስታን ጦር ይዘው በዚያ ዘመቻ ነበሩ።

የውጅግራ ጥይት በዚያ ዘመን ከጦር መሣሪያነት አልፎ ገንዘብ ሆነ። ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጋር በገበያ እየተቈጠረ ይገበዩበት ነበር። ገበሬው ጥይቱን በዝናሩ ታጥቆ ሲሄድ ሀብቱን ታጥቆ ይሄድ ነበር ማለት ይቻላል። እንግዲህ አንድን ጥይት መተኰስ አንድን ገንዘብ መጣል ከሆነ፥ ቀለሁን አንሥቶ እንደገና መሙላት ምን ያህል ጥበብ እንደ ነበረ አድማጭ ይገምተው። አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም እንደሚባለው፥ ጥቂት ጥይት ያለውም በቀለህ አይቀልድም።

የመሙላቱ ሥራ የተሰጠው ለባለ እጆች ነበር። ባለ እጁ ብረቱንም፥ ናሱንም፥ እርሳሱንም የሚያውቅ ሰው ነው። ባሩድ በአገር ውስጥ መቀመም የተጀመረው ውጅግራ ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ነው፤ ድኙ ከአፋር በረሓ ይመጣል፥ ከሰሉም ከእንጨት ይከሰላል፥ ጨው መሳዩ ማዕድንም ከአፈር እየታጠበ ይወጣል። ዐረሩ ከቀለጠ እርሳስ በቅርጽ ይፈስሳል። ዐረሩ በበርሜሉ ውስጥ እንዲንሸራተት የሚያደርገው ሰምና ሞራም በማር አገር አይታጣም። አንድ ነገር ብቻ በአገር ውስጥ ለማግኘት አስቸጋሪ ነበር፤ እርሱም ካፕሱሉ ነው። ካፕሱል የረቀቀ የኬሚስትሪ ዕውቀትና የፋብሪካ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ስለዚህ ያገራችን ባለ እጅ ከአራቱ ክፍሎች ሦስቱን በእጁ ይዞ፥ በአራተኛው በትንሿ ምስር በምታህል ነገር የውጭ አገር ሰው እጅ ይጠብቅ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። በእጅ የተሞላው ጥይት ዒላማ ለምን ይስታል? ብዙ ሰው «ባሩዱ ደካማ ስለ ሆነ» ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ደካማ ጥይት ሁሉ እኩል ደካማ ቢሆን ኖሮ አልሞ ተኳሹ ልኩን በአንድ ቀን ለምዶ አፈሙዙን ጥቂት ከፍ እያደረገ ይመታ ነበር። ጥፋቱ ያለው በድካሙ ሳይሆን በአለመተካከሉ ነው። አንዱ ጥይት ብርቱ፥ አንዱ ደካማ ከሆነ ተኳሹ የሚለምደው ልክ የለውም።

ይህን በቍጥር እንመልከተው። ውጅግራ በፋብሪካ በተሞላ ጥይቱ 25 ግራም የሚመዝነውን ዐረር ከ5 ግራም ጥቂት በሚበልጥ ባሩድ እየገፋ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ያስኬደዋል። አሁን በአንድ ዝናር ውስጥ ሁለት ጥይቶች አሉ እንበል፤ አንደኛው በልኩ የተሞላ፥ ሁለተኛው ግን ፍጥነቱ ከዐሥር እጅ አንድ እጅ የቀነሰ፥ ማለት በሰከንድ 405 ሜትር የሚሄድ ነው። የአየሩን መቃወም ትተን የመሬትን ስበት ብቻ ብናሰላ፥ በ100 ሜትር ርቀት ደካማው ከብርቱው 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል፤ ይህ ሦስት ጣት ነው። በ200 ሜትር ልዩነቱ 23 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህ አንድ ስንዝር ነው። በ300 ሜትር ግማሽ ሜትር ይሆናል፤ ይህም አንድ ክንድ ነው። የአየሩ መቃወም ሲታከልበትማ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። ተኳሹ አልተሳሳተም፤ እጁም አልተንቀጠቀጠም፤ ጠመንጃውም አልተበላሸም። ሆኖም ደረት አልሞ የተኰሰው ጥይት ጕልበት ይመታል ወይም አፈር ይበትናል።

ለዚህ አለመተካከል ምክንያቱ ብዙ ነው። በቅምጫና ወይም በቀንድ የተሰፈረ ባሩድ አንድ ጊዜ ተጠቅጥቆ፥ አንድ ጊዜ ላልቶ ይገባል፤ መስፈሪያው ያው ሆኖ ክብደቱ ግን ይለያያል። በእጅ የተቀመመ ባሩድ የቅንጣቱ ትልቅነትና ትንሽነት ስለማይመሳሰል፥ ደቃቁ ቶሎ፥ ሻካራው ዘግይቶ ይነድዳል። የክረምት እርጥበት ሲያገኘው ደግሞ ይለግማል። እርሳሱ ሲፈስስ በውስጡ አየር ከቀረበት ዐረሩ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ በበርሜሉ ውስጥ ባሉት ጠመዝማዛ ቦዮች እየሾረ ሲወጣም እንደ ተዛባ እንዝርት ይወላገዳል። ቀለሁም ሲተኰስ በተኰሰው ጠመንጃ ጥይት ማረፊያ ልክ ይለጠጣል፤ ስለዚህ ካንዱ ሰው ጠመንጃ የወጣ ቀለህ ለሌላው ሰው ጠመንጃ ይጠብበታል ወይም ይላላል። ናስ ሲደጋገምበት ይደርቃል፥ በአንገቱም ይሰነጠቃል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት ለቀለህ ሞሊ የተነገረ ይመስላል። ሥራው ከሁሉ አስቀድሞ ትዕግሥትና ሚዛን ይፈልጋልና።

የአገሩም አቀማመጥ በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል። የዋግን ምድር ያየ ሰው እንደሚያውቀው ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ከዚያ ወደ ዝቋላና ወደ ሰሃላ፥ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወርዱ ግን ከፍታው በሺህ ሜትር ያህል ይቀንሳል፥ ሙቀቱም ይበረታል። በደጋው አየሩ ሥሥ ስለ ሆነ ዐረር ብዙ ሳይዘገይ ይሄዳል፤ በቈላው አየሩ ወፍራም ስለ ሆነ ይያዛል። ጢስ አልባው ባሩድ ግን በሙቀት ጊዜ ግፊቱ ይጨምራል። ከገደል አፋፍ ወደ ሸለቆ ቍልቍል የሚተኵስ ሰውም ሌላ ችግር ያገኘዋል። ስበቱ ዐረሩን ዝቅ የሚያደርገው በአግድሙ ርቀት መጠን እንጂ ዐይን በሚያየው ስላች ርቀት መጠን ስላልሆነ፥ ይህን ያላወቀ ተኳሽ ጥይቱ ከዒላማው በላይ ያልፍበታል። ጥሩ ተኳሽ ይህን ሁሉ በልምድ ያውቀዋል። ነገር ግን ልምዱ የሚሠራለት ጥይቱ ሁሉ አንድ ዐይነት ሲሆን ብቻ ነው። የገደሉን፥ የንፋሱንና የሙቀቱን ሒሳብ ይዞ በላዩ ላይ የእያንዳንዱን ጥይት ጠባይ ሊይዝ የሚችል ጭንቅላት አይገኝም።

ይህ ነገር የአገር ሕይወትና ሞት የሆነበት ጊዜ የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ኢትዮጵያ በ1922 ዓመተ ምሕረት ክረምት ከእንግሊዝ፥ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር ስለ ጦር መሣሪያ አገባብ ውል አድርጋ ነበር። ሆኖም በ1927 ዓመተ ምሕረት ክረምት ጦርነቱ በደጅ ሳለ ታላላቆቹ መንግሥታት ለሁለቱም ወገኖች መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ክልከላው ለሁለቱ እኩል ይመስላል፤ ፍርዱ ግን እኩል አልነበረም። ጣሊያን ጠመንጃውንም ጥይቱንም በገዛ ፋብሪካው ይሠራልና ክልከላው አልነካውም፤ ኢትዮጵያ ግን ጥይቷ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስለ ሆነ እጇ ታሰረ። ያች ምስር የምታህል ካፕሱል በዚህ ጊዜ ከመድፍ የከበደች ሆነች።

ከጥይቱ ማነስ ይልቅ የባሰው ደግሞ የጥይቱ መለያየት ነበር። ዘማቹ ከያለበት ሲሰበሰብ አንዱ 11 ሚሊ ሜትሩን ውጅግራ፥ አንዱ 8 ሚሊ ሜትሩን ለበን፥ አንዱ 7.92 ሚሊ ሜትሩን መውዜር፥ ሌላው ምንሽር ይዞ ይመጣል። ለበንና ምንሽር ሁለቱም 8 ሚሊ ሜትር ቢባሉ እንኳ የቀለሁ ቅርጽ የተለያየ ስለ ሆነ የአንዱ ጥይት በሌላው አይጐርስም። ጓደኛ ከጓደኛው ጐን ወድቆ ሲተኵስ ጥይት ሊያበድረው አይችልም ነበር ማለት ነው። ሠራዊቱ በልብ አንድ ሆኖ ሳለ በዝናር የተከፋፈለ ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት በማይጨው የተደረገው ታላቅ ውጊያ ከአውሮፕላን ቦምብና ከመርዝ ጢስ በተጨማሪ ይህም ጕድለት የነበረበት ውጊያ ነው።

ከማይጨው በኋላ ጦርነቱ ወደ ዱር ገባ። በዋግና በላስታ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ፥ የዋግሹም ከበደ ልጅ፥ በ1929 ዓመተ ምሕረት ክረምት ሕዝቡን አስነሥተው ጠላትን ወጉ። ጠላትም ብርቱ ጦር ልኮ በመስከረም 1930 ዓመተ ምሕረት ገደላቸው፤ ራሳቸውንም ቈርጦ ሕዝቡን ለማስፈራራት በአደባባይ አሳየው። ይህን ያደረገ ጠላት ሕዝቡ ፈርቶ መሣሪያውን እንዲጥል ጠብቆ ነበር። ነገር ግን የአርበኝነቱ እሳት በየአውራጃው እስከ 1933 ዓመተ ምሕረት አልጠፋም።

አርበኞች ጥይት የሚያገኙት በአብዛኛው ከጠላት ማርከው ነበር። የጣሊያን ጠመንጃ ሲማረክ 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይቱ አብሮ ይማረካልና ብዙው አርበኛ በጠላቱ መሣሪያ ጠላቱን ይወጋ ነበር። የቀድሞ ጠመንጃ የያዘው ግን ምርኮው አይጠቅመውም። ያለው ተስፋ የለቀመው ቀለህና በዋሻ የተሸሸገው ባለ እጅ ነው። ባለ እጁ በቀን ጢሱ እንዳይታይ፥ በሌሊት እሳቱ እንዳይታይ እየተጠነቀቀ የሚሞላው ጥይት በሚዛን የተመዘነ ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ነው።

አርበኛው ታዲያ ይህን ጕድለት በምን ሞላው? በቅርበት ሞላው። ቀደም ብለን እንዳሰላነው በ300 ሜትር አንድ ክንድ የሚሆነው ስሕተት በ100 ሜትር ሦስት ጣት ብቻ ነው፤ በ50 ሜትርማ ከግምት አይገባም። ስለዚህ አድፍጦ፥ ትንፋሹን ውጦ፥ ጠላት እስኪቀርብ ድረስ ጠብቆ መተኰስ የጀግንነት ማሳያ ብቻ ሳይሆን የሒሳብም ግዴታ ነበር። የጥቍሩ ባሩድ ጢስ ቦታውን ስለሚያጋልጠው አንድ ተኵሶ ቦታ መለወጥም ግድ ነበር። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ስንተርክ ድፍረቱን ብቻ እናነሣለን። እያንዳንዱ የቀረበ ተኵስ ባልተመዘነ ባሩድ ምክንያት በደም የተከፈለ ዋጋ እንደ ነበረ አናስብም። የሦስት መቶው ሜትር ጥይት ቢኖረው ኖሮ ወደ ሃምሳው ሜትር ባልቀረበ፥ ስንቱም በተረፈ ነበር።

ከዚህ ዘመን ዐሥር ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ የኢትዮጵያ ወታደር ፍጹም የተለየ ጥይት በእጁ አገኘ። በሚያዝያ 1943 ዓመተ ምሕረት ከአዲስ አበባ ወደ ኮርያ የተነሣው የቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ሲሰለፍ ኤም ዋን የሚባለውን ጠመንጃ ታጠቀ። ይህ ጋራንድ የተባለ ሰው የፈለሰፈው ጠመንጃ ከፊል አውቶማቲክ ነው። ቃታው በተሳበ ቍጥር አንድ ጥይት ይተኵሳል፤ ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱን በበርሜሉ ጫፍ ባለ ቀዳዳ ተቀብሎ በዚያ ኀይል ባዶውን ቀለህ ይተፋና ቀጣዩን ራሱ ያጐርሳል። በአንድ ጊዜ ስምንት ጥይት ይይዛል። የዐረሩ ክብደት ወደ 10 ግራም ይጠጋል፤ ፍጥነቱም በሰከንድ ከ800 ሜትር ይበልጣል። በዚያ ዘመቻ ኢትዮጵያውያን አንድም ምርኮኛ ለጠላት ሳይሰጡ ተመለሱ። ሰዎቹ የእነዚያው አርበኞች ልጆችና ወንድሞች ናቸው፤ ልባቸውም ያው ልብ ነው። የተለየው ነገር ሚሊዮን ጥይት ተሠርቶ ሚሊዮኑም እንደ አንድ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስደናቂ ነገር እናገኛለን። ፋብሪካ በሞላበት በአሜሪካ ጥይት በየሱቁ ሲሸጥ፥ ዒላማ ተኵስ የሚወድዱ ብዙ ሰዎች ቀለሁን ለቅመው በገዛ እጃቸው ይሞላሉ። የእኛ አባቶች በእጦት ምክንያት የሠሩትን እነርሱ ለትክክለኛነት ብለው ይሠሩታል። ምክንያቱም የፋብሪካ ጥይት ለሁሉም ጠመንጃ እንዲሆን በአማካይ ልክ የተሠራ ሲሆን፥ በእጅ የተሞላው ግን ለአንዱ ለተለየ ጠመንጃ ልክ ሊሆን ስለሚችል ነው። ባሩዱን በስሱ ሚዛን እየመዘኑ፥ ዐረሩን በክብደት እየመረጡ፥ የቀለሁን ቁመት እየለኩ ይሞሉታል። ስለዚህ በእጅ መሞላቱ ብቻውን ጥይትን አያበላሽም፤ እጁ ሚዛን ካገኘ ከፋብሪካም ይበልጣል።

ከፊል አውቶማቲኩ ጠመንጃ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በእጅ በሚቀረቀረው መውዜር ቀለሁ ቢጠብበት ተኳሹ በእጁ ይሰማዋል፤ ገፋ አድርጎ ያስገባዋል ወይም ይጥለዋል። ኤም ዋን ግን ስሜት የለውም፤ በራሱ ኀይል ስለሚያጐርስ ልኩን ያልጠበቀ ቀለህ ይቀረቀርበታል። ስለዚህ ቀለሁ በየጊዜው ወደ መጀመሪያ ልኩ መጭመቅ፥ ቁመቱም ከተለጠጠ መቈረጥ አለበት። ካፕሱሉ ከቀለሁ ቂጥ ብቅ ብሎ ከቀረ፥ ጠመንጃው በኀይል ሲዘጋ ቃታ ሳይሳብ ሊፈነዳ ይችላል። ባሩዱም እጅግ ዘግይቶ የሚነድድ ከሆነ ወደ ጋዙ ቀዳዳ የሚደርሰው ግፊት ስለሚበዛ መቀርቀሪያውን የሚገፋው ዘንግ ይጐብጣል። ጥቍሩ የአገር ባሩድማ በጥላሸቱ የጋዙን መንገድ ይደፍነዋል። ውጅግራ የባለ እጁን ስሕተት ይታገሥ ነበር፤ ኤም ዋን አይታገሥም። መሣሪያ እየረቀቀ በሄደ ቍጥር የሚጠይቀው ሚዛንም እየረቀቀ ይሄዳል ማለት ነው።

የታሪክ ነገር ይገርማል። ኢትዮጵያ በ1945 ዓመተ ምሕረት ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ርዳታ ስምምነት ካደረገች በኋላ ኤም ዋን ጠመንጃዎች ወደ አገራችን በብዛት መጥተው ነበር። ዘመናቸው አልፎ በግምጃ ቤት ከተቀመጡ በኋላ፥ ከ2010 ዓመተ ምሕረት ወዲህ ባሉት ዓመታት ብዙዎቹ ከአሮጌ ውጅግሮችና መውዜሮች ጋር ተሸጠው ወደ አሜሪካ ተመለሱ። የአሜሪካ መሣሪያ ሰብሳቢዎች ገዝተው ያጥቡአቸዋል፥ ይጠግኑአቸዋል፤ ከገዢዎቹም ለእያንዳንዱ አሮጌ ጠመንጃ የሚስማማውን ጥይት በእጃቸው እየመዘኑ የሚሞሉለት አሉ። በእኛ እጅ ሳለ በጥይት እጦት ይሰቃይ የነበረው ውጅግራ በባዕድ አገር በግራም ክፍልፋይ የተመዘነ ጥይት ይጐርሳል። ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ መደነቅ ብቻ ሳይሆን ጥቂት ማዘኑም አይቀርም።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፤ ከዚህ ሁሉ ነገር የምንሰበስበው ትምህርት ሁለት ነው።

አንደኛው፥ የነጻነት ጥበቃ በትልቁ ነገር ብቻ ሳይሆን በትንሹም ነገር ላይ ያረፈ መሆኑ ነው። ጠመንጃ የሚገዛ ጥይቱን ካልሠራ፥ ጥይት የሚሠራም ካፕሱሉን ካልሠራ፥ ሌላው በፈለገ ጊዜ እጁን ያስረዋል። ይህም ለጦር መሣሪያ ብቻ የተነገረ አይደለም። መኪና ገዝቶ መለዋወጫውን የማይሠራ፥ መሣሪያ አስመጥቶ ጠጋኙን የማያስተምር መሥሪያ ቤት ሁሉ በ1927ቱ ክረምት እንደ ነበረው ዘማች ነው። ሚዛንም እንዲሁ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ዛሬ በአንድ ልክ፥ ነገ በሌላ ልክ የሚሠራ ሥራ ምንም ያህል ብርቱ ሰዎች ቢደክሙበት፥ አንዱ ብርቱ አንዱ ደካማ ጥይት እንዳለበት ዝናር ዒላማውን አያገኝም።

ሁለተኛው፥ ለባለ እጆቻችን ያለብን ዕዳ ነው። ቀለሁን የሞላ፥ ቃታውን የጠገነ፥ ሰደፉን የጠረበ ሰው በሰላሙ ጊዜ ቀጥቃጭ እየተባለ ይናቅ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነውሩ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ አይተው ነው። በጦርነቱ ጊዜ ግን ታላቁ ሹም ሳይቀር የዚያን የተናቀ ሰው ደጅ ጠንቶአል። ባሩዱ በቀንድ የተሰፈረው ባለ እጁ ሚዛን ጠልቶ አይደለም፤ ሚዛን የሚሰጠው አጥቶ ነው። ዕውቀቱን የሚያሰፋበት ትምህርት ቤት፥ መለኪያውን የሚያርምበት መሣሪያ፥ ስሙን የሚያከብርለት ወገን ቢያገኝ ኖሮ፥ እጁ ከማንም አገር ሰው እጅ ባላነሰ ነበር።

በየአውራጃው ከአባታቸው የእጅ ጥበብን የወረሱ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። ቀለህ እንዴት ይሞላ እንደ ነበር አባታቸው የነገራቸውን የሚያስታውሱ እነርሱ ካለፉ ነገሩ አብሮ ያልፋል። የጀግኖቹን ስም እንደ ጻፍን ሁሉ፥ ጀግኖቹ የተኰሱትን ጥይት በጨለማ ዋሻ የሞላውንም ሰው ስም ከእነዚህ ሽማግሌዎች አፍ ሰምተን ብንጽፍ ታሪካችን ሙሉ ይሆናል። አባቱ ወይም አያቱ ባለ እጅ የነበረ አድማጭ ካለ፥ ሥራውን ከማፈር ይልቅ ጠይቆ ይጻፈው። ይህንንም አደራ ለአድማጮቻችን ትተን የዛሬውን ንግግራችንን እንፈጽማለን።